ፌቲሽ ወይስ አንግስት? የጀርመንኛ ጎቲክ ሮክን ከየትኛው የመጀመሪያ አልበም ልጀምር

ጎቲክ ሮክ ጨለማና ሐዘን የሚጫነው የሮክ ዘይቤ ነው። «ፌቲሽ» እ.ኤ.አ. በ1983 በለንደኑ የሙዚቃ አሳታሚ ፎር ኤ ዲ በኩል ወጣ። ባለቤቱ ኢክስማል ዶይችላንት በ1980 ሃምቡርግ ውስጥ በሴቶች የተመሠረተ ባንድ ነው። «አንግስት» ደግሞ ላክሪሞሳ የተባለው የቲሎ ቮልፍ የሙዚቃ ፕሮጀክት የ1991 ሥራ ነው፤ ቮልፍ በአብዛኛው ብቻውን ሠርቶ በራሱ ድርጅት አወጣው።

ርዝመት፦ ፌቲሽ 10 አጫጭር ዘፈኖች አሉት። አንግስት 6 ብቻ፣ ግን ረጃጅምና ዝግ ያሉ ናቸው።

ድምፅ፦ ፌቲሽን የሚመራው ቤዝ ጊታሩና የማያቋርጠው ከበሮ ነው፤ ጊታሩ ስለታም ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ካዳመጡት ቤዙ ይጠፋና ጩኸት ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ሰው አልበሙን የሚጠላው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል። አንግስት በሲንተሳይዘር የተሞላ፣ ባዶ ቦታ የሚበዛበት ነው፤ ታክሲ ውስጥ ጸጥ ያሉት ክፍሎች ይዋጣሉ፣ ማታ ቤት ውስጥ ግን ልብ ይነካል።

ቋንቋ፦ የኢክስማል ዶይችላንት ዘፋኝ የአንያ ሁቬ ድምፅ ከመሣሪያዎቹ ጋር ስለሚቀላቀል ቃሉን መለየት ከባድ ነው። ቮልፍ ቃላቱን እየጎተተ፣ አንዳንዴም እንደ ንባብ ስለሚላቸው ጀርመንኛ ለሚማር ይመቻል።

ወጪ፦ አሮጌ ሸክላ ከመግዛትዎ በፊት ጭረቱን በብርሃን ይዩ። በተለይ የአንግስት ጸጥታ ጭረትን አይሸፍንም፤ ለእሱ ሲዲ ይሻላል።

ጭፈራና ጉልበት የሚወድ፣ ፖስት ፐንክ (ከፐንክ ሮክ ቀጥሎ የመጣውን ዘይቤ) የለመደ ሰው ፌቲሽን ይያዝ። ግጥም እየተከተለ ብቻውን ለሚያዳምጥ፣ ዝግታን ለሚታገስ ደግሞ አንግስት።