«የጉዞ ፓኬጅ» ብለው የሚሸጡላችሁን ጃኬት ገልብጣችሁ እዩት

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ያ ማስታወቂያ እንደገና መዞር ጀምሯል። «የበዓልና የጉዞ ፓኬጅ! ጃኬት፣ ሹራብ፣ ስካርፍ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። አሜሪካም ሂዱ ካናዳ፣ አንዴ ገዝታችሁ ተገላገሉ። ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን። ዋጋ በውስጥ መስመር።» አምና እኔም ይህንኑ አይቼ ነው ጉድ የሆንኩት። ዘንድሮ ሌላ ሰው ጉድ እንዳይሆን ልንገራችሁ።

እማዬ የአምናውን ገና እህቴ ጋ፣ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ፣ ልታሳልፍ ትኬት ተቆርጦላት ነበር፤ ያውም በክረምት። ክረምት ስል ሐምሌን እንዳታስቡ። የእኛ ክረምት ጃንጥላና ደህና ጫማ ይበቃዋል። የእነሱ ሌላ ነው። ሚኒያፖሊስ በጥር ወር አማካዩ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ከዚያም ይብሳል። እኛ ደግሞ ህዳር ላይ ሲነጋ 8 ዲግሪ ሲሆን «ዘንድሮስ ብርዱ ጨረሰን» የምንል ሰዎች ነን። ፈርቼ ስለነበር ብዙ አልጠየቅሁም።

ሱቁ መሃል ከተማ ነው፤ ስታዲየምና ለገሃር መሃል ካሉት ሕንጻዎች ባንዱ፣ ፎቅ ላይ። ልጁ አፉ ይጣፍጣል። «ለማን ነው እህቴ? ለእናት? ለእናት ከሆነማ ይሄን ነው የምሰጥሽ» አለና አንድ ጃኬት አወረደ። በሁለቱም በኩል የሚለበስ ነው። ባንዱ በኩል ጥቁር፣ ሲገለበጥ የወይን ጠጅ መልክ። «ጥቁሩ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀዩ ለሽርሽር። ሁለገብ ነው፣ ሌላ ልብስ መያዝ አያስፈልጋትም።»

ዚፑ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ግልጽ ላስቲክ ተንጠልጥላለች። ውስጧ ነጭ፣ ለስላሳ የዳክዬ ላባ አለ። «የጃኬቱ ሆድ ውስጥ ያለው ይሄ ነው» አለኝ። ያቺ ላስቲክ ናት ያሳመነችኝ። እውነተኛ የላባ ጃኬቶችም አንዳንዴ እንዲህ ያለ ናሙና ይንጠለጠልባቸዋል፤ እሱን ቀድሞ አውቅ ስለነበር ይባስ አመንኩ።

ለእማዬ የሚሆነው ቁጥር ግን የተሰቀለው አልነበረም። አየሩ ተመጥጦ በላስቲክ የታሸገ አመጣልኝ። «አትክፈቺው፣ ከተከፈተ አይመለስም። ሻንጣ ውስጥ ቦታ እንዳይዝባት እንደታሸገ ይሂድ» አለ። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ ቦታ መቆጠቡ ጥሩ ነው ብዬ ተስማማሁ። ማሸጉ ኪሎውን አንድ ግራም እንደማይቀንሰው እንኳን ያኔ አልታየኝም።

ከነስካርፉ፣ ከነጓንቱ፣ የሙሉው ፓኬጅ ዋጋ በደረሰኝ 19,550 ብር፣ ያለ ደረሰኝ 17,000። ቫቱን ማለቱ ነው። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ያለ ደረሰኙን መረጥኩ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን የጣልኩት እዚህ ጋ ነው። በቴሌብር ስከፍል የመጣው ስም የሱቁ ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነበር። አየሁት፣ አለፍኩት።

እማዬ ደረሰች። እህቴ ከአየር ማረፊያው ስትወጣ ጃኬቱን ከፍታ አለበሰቻት። ተሰቅሎ ቢያድርም አላበጠም። ላባ ቢሆን ኖሮ ተራግፎ ከተሰቀለ ይነፋል። ዚፑ በሦስተኛው ቀን ጥርሱ ተዛነፈ። ከሁሉ የከፋው የገና ዕለት ነው፣ ታህሳስ 29። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ትከሻዋ ላይ ያረፈው በረዶ ሲቀልጥ ጥቁሩ ቀለም ለቀቀና ነጠላዋ ላይ ወረደ። ፎቶውን ሳየው አለቀስኩ። ነጩ ነጠላ ላይ ግራጫ ካርታ ተስሏል። እማዬ በስልክ «ምንም አይደል ልጄ፣ ጋቢዬን ደርቤበት ነው የምወጣው» አለችኝ። ለጉዞ ፓኬጅ 17,000 ብር አውጥቼ እናቴን ያሞቃት ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ጋቢ ሆነ።

ጋቢው የሠራው በተአምር አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መሃል አየር ይይዛል። የሚያሞቀን ጨርቁ ሳይሆን ያ የተያዘ አየር ነው። የላባ ጃኬትም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። እህቴ ተናዳ ስፌቱን ስትተረትረው ከእማዬ ጃኬት ሆድ የወጣው ስስ የፖሊስተር ንጣፍ ነው፣ ትራስ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። አንድ ጣት እንኳን አይወፍርም። ላባው ያችው ላስቲክ ውስጥ ብቻ ነበር።

ፖሊስተር በራሱ ጥፋት የለበትም። እንዲያውም እርጥበት ሲነካው ከላባ ይሻላል፤ ላባ ከረጠበ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ያቆማል። ወፈር ያለ የፖሊስተር ጃኬት በትክክለኛ ዋጋው ቢሸጡልኝ እመርቃቸው ነበር። ስሱን በላባ ስም ሸጡልኝ እንጂ።

ሱቁ ውስጥ ቆሜ ማወቅ እችል ነበር? እችል ነበር። ጃኬቱን ገልብጣችሁ በጎኑ ስፌት በኩል ውስጡን ፈልጉ። ከምን እንደተሠራ የሚናገር ትንሽ ነጭ ጨርቅ መኖር አለበት፦ ይህን ያህል በመቶ ላባ፣ ይህን ያህል ፖሊስተር የሚል። በእማዬ ጃኬት ላይ ጨርቁ በመቀስ ተቆርጦ ስፌቱ ውስጥ የጥፍር ያህል ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። አንገቱ ላይ ያለው የብራንድ ስም ግን በጥልፍ አምሮ ተቀምጧል። ያንን ማንም ይጠልፈዋል። ከዚያ ጃኬቱን በእፍኛችሁ ጨብጡና ልቀቁት። ላባ ከሆነ ይጨመቃል፣ ወዲያው ይመለሳል፣ አልፎ አልፎም የላባው ቀጭን አጥንት ጣታችሁን ወጋ ያደርገዋል። ንጣፍ ከሆነ ወጥ አንሶላ ይዛችሁ ይመስላችኋል። እርጥብ ነጭ ሶፍት ይዛችሁ ቀለሙን ሸት ማድረግም አትፈሩ። ሻጩ ከተቆጣ መልሳችሁን አገኛችሁ።

ስካርፉ «ካሽሚር» የሚል ተጽፎበት ነበር። እህቴ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛ ክብሪት ለኮሰችበት። ሱፍም ካሽሚርም ጸጉር ነው። ሲቃጠል የበዓል ቀን የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ ግቢውን የሚሞላው ሽታ ነው የሚሸተው፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። የኛው ክር ቀለጠና ጥቁር፣ ጠንካራ ጠብታ ሆነ። ሽታው የላስቲክ ነው። እማዬ ፕላስቲክ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነበር ማለት ነው። (ሙከራውን ሱቅ ውስጥ አታድርጉት እንጂ አንድ ክር ለምኖ ቤት መሞከር ይቻላል።)

ጓንቱ ደግሞ ያሳፍራል። «ቆዳ» የተባለው በሁለተኛው ሳምንት ቀለም እንደተቀባ ግድግዳ ተላጠ። የሰላሌ በግ ቆዳ ስስም ጠንካራም ስለሆነ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም ያለው ነው። እኛ ደግሞ ከዚሁ አገር የተላጠ ላስቲክ ገዝተን ወደዚያ እንልካለን። ስለ ሹራቡና ስለ ኮፍያው የምለው የለኝም፤ ደህና ናቸው፣ ግን የትም በትንሽ ብር ይገኛሉ።

የፓኬጁ ዘዴም ይሄው ነው። አምስቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ የእያንዳንዱን ዋጋ አትጠይቁም። «ሁሉም በዚህ ዋጋ?» ብላችሁ ትደነቃላችሁ። ለብቻው ቢሆን ያንን ጃኬት ማን ይገዛዋል?

ሱቁ ተመልሼ ሄጃለሁ። ልጁ አልሸሸም። ከባንኮኒው በላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝና «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። የለኝም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ለኔ ግን ቀኑም አልፏል፣ ከዚያ ሱቅ መግዛቴን የሚያሳይ ወረቀትም የለኝም። ያቺ የተቀነሰችልኝ 2,550 ብር ዝም ማሰኛዬ ነበረች። እናንተ ክፈሏት። ዕቃውንም ከመንገደኛው ጉዞ ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝታችሁ ቤት ክፈቱት፣ ስቀሉት፣ እጅጌውን አርጥቡት።

እማዬ ዘንድሮም ትሄዳለች። አሁን ከዚህ የምንልከው የሚደራረበውን ብቻ ነው፦ ሁለት ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከውስጥ የሚለበስ ታይት (ጥጥ ያልሆነ፣ ጥጥ ላብ ይጠጣና ቀዝቅዞ ገላ ላይ ይቀራል)፣ ጋቢዋን ደግሞ በእጅ ሻንጣ። ለመንገዱ የእህቴ አሮጌ ካፖርት አየር ማረፊያ ድረስ ይመጣላታል። ዋናውን ካፖርት እዚያው ትገዛዋለች። የፈረንጆቹ ገና ታህሳስ 16 ነው፣ የእኛ 29። በመሃል 13 ቀን አለ፤ ሱቆቹ ከበዓላቸው የተረፈውን ዋጋ የሚሰብሩት ያኔ ነው። አንድ ካፖርት ብቻ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ፣ ከዳሌ የሚወርድ፣ ቆብ ያለው፣ ከሹራብ በላይ ተለክቶ እጅ ሲነሳ የማይይዝ። እሱ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ይሄዳል።

የሱቁን ስም ለምን አልጻፍሽም የምትሉኝ አላችሁ። ያንኑ ፎቶ ለጥፈው የሚሸጡ ሦስት ቻናሎች አይቻለሁ፤ አንዱን ስም ብጽፍ ሌሎቹ ጋ ትሄዳላችሁ። ዛሬ ጠዋት ያየሁት ማስታወቂያ ላይ የጃኬቱ መልክ ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል። ዚፑ ላይ የተንጠለጠለችው ላስቲክ ግን ያችው ናት።