የሚንቀጫቀጭ ቤዝ አምፕ፦ ኦሪጅናሉን ማስጠገን ወይስ አዲስ ኮፒ መግዛት?

ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ ሰርግ ሲቃረብ ነው። ጥያቄው ስለ አምፓቸው፣ የጊታሩን ድምፅ ስለሚያጎላው ባለ ስፒከር ሳጥን ነው፣ ሁሌም ያው ነው፦ «አምፑ ዝዝ ይላል፣ ስፒከሩን ልቀይረው?» መልሴም ያው ነው፦ ኦሪጅናል ከሆነ አትቀይረው፣ አስጠግነው። ኮፒውንማ ጭራሽ አታስበው።

ዋጋውን ላስቀድም። በቅርቡ ስጠይቅ ባለ 15 ኢንች ኮፒ ስፒከር 14,000 ብር ይባልና በክርክር 9,500 ላይ ይቆማል። የኦሪጅናሉን ኮን (የሚርገበገበውን ወረቀት) እና ኮይል (ከኮኑ ኋላ ያለውን የሽቦ ጥቅል) ማስቀየር ከነእጅ ዋጋው 5,000 አካባቢ ነው። የለቀቀ የኮን ጠርዝ በኮላ ማስያዝ ብቻ ከሆነ 600፣ ቢበዛ 700 ብር። የላላ ብሎን ማጥበቅ ደግሞ በነጻ። ኮፒ በመግዛትና ኮንና ኮይል በማስቀየር መካከል ልዩነቱ 4,500 ብር ነው፤ ጥሩ የቤዝ ክር ይገዛል።

ግን ሳንቲም ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የጊታሩን ጃክ ከአምፑ ንቀሉና ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉት። ጥዝዝታው ካልጠፋ ጣጣው አምፑ ውስጥ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ንዝረት) ነው፤ የፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለአምፑ የሚያስተካክለው ክፍል) ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቃሚዎቹ) ሲደርቁ በእጥፉ፣ 100 ኸርዝ ላይ ወፍራም ጥዝዝታ ይለቃሉ። እዚህ ላይ የዓለምን ስፒከር ብትቀያይሩ ለውጥ የለም፤ ካፓሲተር ማስቀየር ግን ከስፒከር በጣም ይረክሳል። ራሳችሁ እንዳትከፍቱት ብቻ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ይቆያል። ጃኩ ሲነቀል ጸጥ ካለ ደግሞ ኬብሉን፣ ጊታሩንና የቤቱን መብራት ጠርጥሩ። ክሩን በእጅ ስትነኩ ዝዝታው ከቀነሰ የኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ነገር ነው። ኧርዝ የሌለው ሶኬት በየቤቱ ሞልቷል፤ ድንኳን ውስጥ በጄኔሬተር ሲሆንማ አይወራም። ጃዝ ቤዝ የሚባለው ባለ ሁለት ቮልዩም ቤዝ ጊታር ያላችሁ ሁለቱን ቮልዩም እኩል ክፈቱ፤ አንዱን ስትቀንሱ ዝዝ ማለት የዚያ ጊታር ጠባይ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ስፒከሩን ቶሎ አትውቀሱት። ኮምቦልቻ አንድ ጓደኛዬ ቤት ክፍቱ ኤ ክር፣ ማለትም 55 ኸርዝ፣ በተመታ ቁጥር «ዥዥዥ» ይል ነበር። ልጁ 9,500 ብሩን ቆጥሮ ጨርሷል። እኔ ኖታውን እየደጋገምኩ ስመታ እናቱ ረከቦቱን ብድግ ሲያደርጉት ዝም አለ። ሲኒዎቹ ናቸው እርስ በእርስ የሚነካኩት! ስለዚህ አምፑን ከመስኮት፣ ከኮርኒስና ከቆርቆሮ አርቃችሁ ደጅ አውጡት፤ ከዚያ ከታችኛው ኢ (41 ኸርዝ) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ድምፁ የሚመጣበት ኖታ ላይ ሌላ ሰው የፊቱን ወንፊት፣ እጀታውን፣ የጀርባውን ጣውላ በየተራ ይጫን። በእጅ ሲጫኑት የሚቆም ድምፅ የብሎን ሥራ ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣ አምፕ ብሎኑ ቢላላ አይገርምም።

ሁሉም ኖታ ላይ የሚሻክር፣ ድምፅ ሲጨመር የሚብስ ከሆነ ግን ስፒከሩ ነው። አምፑን አጥፉ፤ ኮኑን ግራና ቀኝ በጣቶቻችሁ እኩል ይዛችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። «ሽክ ሽክ» ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየታከከ ነው። ከዚያ የስፒከሩን ሽቦ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቃጥሏል።

አሁን ወደ ኮፒው። የምጫወትበት ባንድ ልጆች እኔ በሌለሁበት አንድ ሱቅ ገብተው ገዙ። «አብሽሩ፣ ኦሪጅናል ነው» ተባሉ። ጀርባው ላይ 1,000 ዋት የሚል ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የታወቀው ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ሰርግ ላይ ኢ ክር ሲመታ «ጧ! ጧ!» ይል ጀመር፤ ኮይሉ ከኋላ ካለው ብረት ጋር እየተጋጨ ነው። ሲቃጠል ፈታነው፤ የማግኔቱ ጎማ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ማግኔት ከጎማው በጣም ያነሰ ነው፣ የኮይሉ ሽቦም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የደሴው ጠጋኛችን አገላብጠው አዩትና መለሱልን። ለእንደዚህ ያለው ልኩ የሆነ ኮይል ከየት ይመጣል? 9,500 ብር ሄደ።

ኦሪጅናል የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልኩ ይታወቃል። ብላክ ዊዶው የተባለው የፒቪ ኩባንያ ስፒከር ማግኔት እንዲያውም በብሎን ስለሚላቀቅ ቅርጫቱ (ኮኑን የሚይዘው አካል) ብቻ ከነኮኑ ይቀየራል። ሌላውን የሚሠራላችሁ ሰው ኮይሉን ሲያስገባ ዙሪያውን ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ሸጉጦ መሃል ማስያዙን፣ ኮላው ሳይደርቅ አለማውጣቱን ቆማችሁ እዩ። በሱፐር ግሉ ጠርዙን ሊለጥፍ ከቃጣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሲደርቅ የሚጠጥር ኮላ ጠርዙን ያደርቀዋል፣ በሚቀጥለው ሰርግ ይሰነጠቃል።

ጭራሽ አምፕ የሌላችሁ ደግሞ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ። አዲሱ ኮፒ 28,000 ሲባል ያገለገለው 45,000 ይጠራል፤ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ስለሚፈልግ የእሱን ዋጋ ከሒሳቡ ቀንሱ፤ 220 ላይ ቀጥታ ከሰካችሁት ያኔውኑ ይበላሻል። የሚንቀጫቀጭ ካገኛችሁ ግን ደስ ይበላችሁ። ጠርዙ ወይም ብሎኑ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ፣ ምንም አትናገሩ፤ ከዚያ ባለቤቱ ፊት ታችኛውን ኢ ደጋግማችሁ ምቱ። 45,000 የተባለው 36,000 ሲደርስ ክፈሉና ኮላ ግዙ።