«ሻርክ ቤት ውስጥ አይኖርም» ላለን ወጣት ባለሙያ ምስጋና

ጅማ ላላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ዓሣ ለማሳደግ ላሰባችሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የመስታወት አኳሪየም የሚሠራ ወጣት አለ። በአደባባይ ላመሰግነው ፈልጌ ነው።

የአሥር ዓመቱ ልጄ የሻርክ ፍቅር ለክፎታል። ለልደቱ «ትንሽ ሻርክ» ተብሎ የሚሸጥ ዓሣ ከሌላ ከተማ አስመጣሁለት። ሻጩ «ከዚህ በላይ አያድግም» ብሎ ማለልኝ። ዓሣው ግን ሰው ባለፈ ቁጥር እየደነገጠ ከመስታወቱ ጋር ይላተማል። በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫው ተላጠ። ልጄ አለቀሰ፣ እኔም ግራ ገባኝ።

በባልዲ ይዘነው ወደዚህ ወጣት ሄድን። «ትልቅ አኳሪየም ሥራልኝ፣ የጠየቅከውን እከፍላለሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ መሥራቱን እሠራልዎታለሁ፣ ብሩንም እፈልገዋለሁ። ዓሣው ግን አይጠቀምም» አለኝ።

ለካ ሻርክም አይደለም። የኛ የአምባዛ ዘመድ ነው፤ አገሩ የሜኮንግ ወንዝ፣ ሲያድግ ከአንድ ሜትር ያልፋል። «ታዲያ ግልገል ግቤ ልልቀቀው?» ስለው ደነገጠ። የአገሩ ዓሣ ስላልሆነ ወንዙን ሊጎዳ ይችላል አለ።

ልጄ «እውነተኛው ሻርክስ ስንት ሜትር ቤት ይበቃዋል?» ብሎ ጠየቀው። ሥራውን አስቀምጦ፣ በርጩማ ስቦ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳው። እንደ ነጭ ሻርክ ያለ የውቅያኖስ ሻርክ ካልዋኘ አይተነፍስም። አፉን ከፈት አድርጎ ወደፊት ሲሄድ ነው ውሃው በስንጥቡ (በመተንፈሻው) የሚያልፈው። ባሕር ላይ ጅራቱን መታ መታ አድርጎ ረጅም መንገድ ይንሸራተታል። ገንዳ ውስጥ ግን ገና ከመነሳቱ ግድግዳ ይመጣበታል። «ባጃጅ በየአምስት ሜትሩ ብትጠመዘዝ ነዳጇ ምን ይሆናል?» አለው። ልጄ ወዲያው ገባው። ግድግዳ የሚባል ነገር የማያውቅ ፍጥረት ስለሆነ ይጋጫል፣ ይቆስላል፣ ምግብ ይተዋል።

ማታ ራሴ ሳነብ ቆየሁ። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም፣ ትልቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ለጋ ነጭ ሻርክ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አስገባ። 198 ቀን ቆየች። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅሙ ቆይታ 16 ቀን ብቻ ነበር። እሷም አብረዋት ያሉትን ሻርኮች ማጥቃት ስትጀምር ወደ ባሕር መለሷት። እስከ 2011 ድረስ በድምሩ ስድስት አስገቡ፤ የመጨረሻው በተለቀቀ በአጭር ጊዜ ሞተ፣ ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም። ጃፓን ኦኪናዋ ባለ አኳሪየም በ2016 የገባው ነጭ ሻርክ ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ነው የኖረው። ያ ሁሉ ባለሙያና ገንዘብ ባለበት! የኛን ዓሣ የተላጠ አፍንጫ አስታውሼ ሆዴ ባባ።

ዓሣውን በሱቁ ትልቁ ገንዳ ተቀበለን። የገንዳውን ጎኖች በጥቁር ወረቀት ሸፍኖ አረጋጋው፤ ቁስሉም ድኗል። ለልጄ ጉፒ የሚባሉ ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች መረጠለት፣ ግን ወዲያው አልሰጠውም። መጀመሪያ አኳሪየሙ ከነማጣሪያው ለሳምንታት እንዲሠራ አደረገ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ መጠበቅ አለብን አለ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ሳይወጣ እንዳንጨምር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃው አየር እንዲያገኝ በኩባያ እየቀዳን ከላይ እንድናፈስ አሳየን። ለምክሩ አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ዓሣ የምትፈልጉ እሱ ጋር ሂዱ። ሱቁን በኢንቦክስ እጠቁማችኋለሁ። ሰፊ የዓሣ ኩሬ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ያ «ሻርክ» አሁንም ቋሚ ቤት እየተፈለገለት ነው።