ለአንዲት የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በባሕር ዳር ከተማ ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ በሽምብጥ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት ወይዘሮን በአደባባይ ላመሰግናቸውና ለእናንተም ልጠቁም እወዳለሁ።

ልጄ ቀደም ሲል ይማርበት በነበረው ሌላ ትምህርት ቤት፣ ፎርም የሚቀበለው ሠራተኛ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «አባቱ የት ነው? እሱ ይምጣና ይፈርም» ብሎ መልሶኛል። የተማሪ ስም እስከ አያት የሚጻፈው በአባት በኩል ስለሆነ፣ ከፍቺ በኋላ ልጇን የምታሳድግ እናት በመዝገቡ ላይ ያላት ቦታ ጠባብ ነው፤ ክብሯ የሚጠበቀውም ሆነ የሚነካው በመስኮቱ ውስጥ በተቀመጠው ሰው አያያዝ ነው።

ወይዘሮዋ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ ስሰጣቸው፣ ልጁ ከእኔ ጋር እንዲኖር የተወሰነበትን ገጽ ብቻ አንብበው፣ የቤታችን ጉዳይ በየቢሮው እንዳይዞር በፖስታ አሽገው ከልጁ ፋይል ጋር አያያዙት። «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» በሚለው ቦታ የእኔን ሙሉ ስም ጻፉ፤ የአባት ስልክ በሚሞላበት ላይ ሰረዝ አድርገው፣ እኔ ባልገኝ ማን እንደሚጠራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝና የጎረቤቴን ቁጥር መዘገቡ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን የሚያስደፋ አንድም ቃል አልሰማም።

እኔ ነርስ ነኝ። ካርድ በሚሰጥበት ዕለት ተረኛ ሆኜ እናቴ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ እስክትደርስ ሰዓቱ ቢያልፍም፣ ካርዱን ከክፍል ኃላፊው መምህር ተረክበው አቆይተውላታል። ለወላጆች የሚላከው ደብዳቤ አባትን ብቻ ከመጥራት ይልቅ አሳዳጊንም እንዲጨምር ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው መሆናቸውን ከወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ሰምቻለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ይህ ትእዛዝ በምዝገባ መስኮት ላይ ሲፈጸም ያየሁት በእርሳቸው እጅ ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ ትምህርት ቤቱን ማወቅ የምትሹ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያለፈውን ዓመት ካርድና መሸኛ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካላችሁም ዋናውን ከነቅጂው ያዙ፤ ሰልፉ ሳይበዛ በጠዋት ብትደርሱ ጉዳያችሁን ረጋ ብለው ያዩላችኋል።