ፋሲል ከነማ፦ ስም ያለው ማስፈረም ወይስ ደሞዝ ገድቦ የጎንደርን ልጅ ማሳደግ?

ክረምት በመጣ ቁጥር እኛ የፋሲል እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ጎንደር ፒያሳ ላይ የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው። ዝግጁ ተጫዋች ይምጣ የሚሉት ማስረጃ አላቸው፣ በ2013 ፕሪሚየር ሊጉን ስንበላ ፊት መስመር ላይ የነበረው ሙጂብ ቃሲም እዚህ ያደገ ልጅ አይደለም፣ ከውጭ መጥቶ ነው ጎል ያዘነበልን። ዋንጫ በቶሎ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ይሄን አልክድም።

ግን ወጪውስ? እኛ ሀገር አብዛኛው ብር ለሌላ ክለብ አይከፈልም እኮ፣ ኮንትራቱን ለጨረሰ ተጫዋች በፊርማና በደሞዝ ነው የሚያልቀው፣ ሁለት ዓመት ተጫውቶ በነፃ ሲሄድ ክለቡ እጁ ላይ ምንም አይቀርም። የኛ ክለብ ደሞ በከተማ አስተዳደር ብር የሚኖር የከተማ ክለብ ነው፣ ደሞዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል ከዛ ነጥብ መጣል ይጀመራል።

ደሞዝ መገደቡም ብቻውን አይሰራም። በ2011 ክለቦች ጣሪያው በወር 50,000 ብር ይሁን ብለው ተስማምተው ነበር፣ ከጠረጴዛ ስር ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን አልቆመም። ስፔን ላይ ግን ገደቡ ቀልድ የለውም፣ ባርሴሎና በፈረንጆቹ 2021 ሜሲን መመዝገብ አቅቶት ነው የሸኘው፣ ምክንያቱም ሊጉ ራሱ የክለቡን የሂሳብ ደብተር እያየ ነው ተጫዋች የሚመዘግበው።

እኔ ምርጫዬ ሁለተኛው ነው፣ ደሞዝ ገድቦ የጎንደርን ልጅ ማሳደግ። እዚሁ ጎንደር አዘዞ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ሁለት ሰው አታልሎ የሚያልፍ ልጅ እያለ ለተጠባባቂ ወንበር ከሩቅ ሰው ማስፈረም ያናድደኛል። አንድ አጥቂና አንድ በረኛ ይገዛ፣ ሌላው ከታዳጊ ቡድን ይምጣ፣ የእያንዳንዱ ደሞዝም ለደጋፊው በግልፅ ይነገር።