«ከእንግሊዝ የመጣ ኦሪጅናል ነው» የሚባለውን የዛገ ቡሎን ሳትፈትሹ አትግዙ

የድሮ ትራክተር ወይም የዲስክ ማረሻ እያደሳችሁ ከሆነ ይህን አንብቡና ለወዳጆቻችሁም አዳርሱ። በተለይ ማሲ ፈርጉሰን 35 ወይም 135 ያላችሁ። ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር «የዘመኑ ኦሪጅናል ቡሎን» እየተባለ የሚዞር እቃ አለ። ሱቅ ውስጥ አታገኙትም። መጀመሪያ በቴሌግራም ፎቶ ይላካል። ቀጥሎ ቀጠሮ ይያዛል። ከዚያ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ የተቃጠለ ዘይት እየሸተተ ይመጣል። ዝገቱን ያየ ሰው ይጓጓል። ዝገቱ ግን የአንድ ወር እድሜ እንኳ የለውም።

ጎጃም ውስጥ ያረጀ ትራክተር ብርቅ አይደለም። እንደ ብር ሸለቆና አየሁ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎች ባሉበት አገር ማሲው፣ ፊያቱ፣ ቤላሩሱ ሁሉ አልፏል። ብዙዎቹ በየግቢው ቆመው የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። አሁን ደግሞ ሰው እያነሳቸው ነው። አንዱ ሊያርስበት፣ አንዱ የአባቱ ማስታወሻ እንዲሆነው፣ አንዱ ሎጁ በር ላይ ሊያቆመው። ፈላጊ ሲበዛ አታላይም አብሮ መጣ።

የእኛ ትራክተር አጎቴ ግቢ የቆመ 135 ነው። ኮፈኑም፣ መሪውም፣ ቀለሙም አልቋል። የጎደለን ለኋላ ጎማ የሚሆን ቡሎንና ዳዶ (ቡሎኑ ላይ የሚዞረው ማሰሪያ) ነበር። አንድ ሻጭ «ከድሮ መጋዘን የወጣ፣ ሰው ያልነካው፣ የእንግሊዝ እቃ» ብሎ አቀረበልን። አንዱን ከነዳዶው 450 ብር። «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልወሰድከው ነገ ባሕር ዳር ያለ ሎጅ ጠቅልሎ ይወስደዋል» አለኝ። ይህች «ነገ ይወሰዳል» የምትባለውን ነገር በደንብ አስታውሷት። የሚያጣድፍ ሻጭ እንድትለኩ አይፈልግም።

እቃው መጣ፣ ተከፈለ። አጎቴ ከትራክተሩ ላይ የተፈታውን የራሱን ዳዶ አምጥተው አዲሱ «ኦሪጅናል» ላይ አዞሩት። ሁለት ሦስት ዙር ሄደና ቀጥ አለ። ቁልፉን መሬት አስቀመጡና «ይሄ የኛ ዘር አይደለም» አሉ። ለሻጩ ስንደውልለት ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ዘይት ቀቡት፣ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝማችሁ በደንብ አጥብቁት፣ ይገባል።» ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም። ገንዘቡ ቀለጠ። ምክሩ ግን ከገንዘቡ የባሰ ነው፤ የሰማው ሰው ጎማው መንገድ ላይ ይወልቅበታል።

ለምን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ እንደሄደ ልንገራችሁ፤ ማታለያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሲ 135 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ሲመረት የነበረ ትራክተር ነው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ ዓይነት የኢንች ጥርስ (ቡሎኑ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸው መስመር) ለመጠቀም ተስማምተው ስለነበር የዚህ ትራክተር ቡሎን የተሠራው በኢንች ነው። የኋላ ጎማው ቡሎን 5/8 ኢንች ሲሆን ጥርሱ ቀጭን ነው። 5/8 ኢንች ማለት 15.875 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ በየሱቁ ያለው ደግሞ የሚሊሜትሩ 16 ነው። ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ነው፣ በዓይን አይለይም። ጥርሳቸው ግን ይለያያል። የኢንቹ ቀጭን ጥርስ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ 18 ነው። ለእኛ የተሸጠልን የሚሊሜትር ቀጭን ጥርስ፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 1.5 ሚሊሜትር ያለው፣ በዚያው ርዝመት 17 አካባቢ ነው። አንድ ጥርስ ብቻ! መጀመሪያ ይያያዛሉ፣ ትንሽ እንደሄዱ ይጣላሉ። በጉልበት ከገፋችሁት አንዱ የሌላውን ጥርስ ይበላዋል። ጠብቋል ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ የያዘው ግን የተጋጠ ጥርስ ነው።

«ታዲያ አዲሱን የሚሊሜትር ቡሎን ለምን አትገጥሙም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከወዲያና ከወዲህ በዳዶ የሚታሰር ቦታ ላይ ይቻል ይሆናል። ቡሎኑ ራሱ ብረቱ ውስጥ በተቀረጸ ጥርስ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን የጊርቦክሱን ገላ ታበላሹታላችሁ። የተበላሸ ቡሎን ይጣላል፤ ለተበላሸ የማሲ ጊርቦክስ ግን ምትክ ከየት ይመጣል?

ቁልፍ ያጋልጠዋል ብላችሁም አትመኑ። የ1/2 ኢንች ዳዶ የሚፈታው በ3/4 ኢንች ቁልፍ ነው፣ ይህም 19.05 ሚሊሜትር ነው። የሚሊሜትሩ 12 ዳዶም በብዛት የሚፈታው በ19 ቁልፍ ነው። ስለዚህ «ይኸው 19 ቁልፍ ልክ ገባ» ብሎ ፊታችሁ የሚያሳያችሁ ሻጭ ምንም አላሳያችሁም።

አሁን ወደ ዝገቱ። የተሸጠልንን ቡሎን አጥበን ራሱን፣ ማለትም ጭንቅላቱን፣ ስናየው የሞላ (የብረት መሞረጃ ማሽን) ምልክት ታየን። ፊቱ በድንጋይ ተሞርዶ፣ ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል። በአንዱ ጥግ ላይ የ«8» ግማሽ ቀርቷል። ማለትም 8.8 የሚል የሚሊሜትር ቡሎን ማኅተሙ ተፍቆ፣ አሲድና ጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በተቃጠለ ዘይት ተወልውሎ ነው የመጣው። ሞያ ነው መቼም!

ማኅተሙ ሲፋቅ የጠፋው መልክ ብቻ አይደለም። 8.8 ማለት ብረቱ እስኪበጠስ 800 ሜጋፓስካል ይሸከማል ማለት ነው። 4.6 የሚል ደግሞ 400፣ ግማሹን። ፊቱ ከተፋቀ የያዛችሁት የትኛውን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። በዚያ ላይ በጣም የጠነከረ ቡሎን፣ ለምሳሌ 12.9፣ አሲድ ውስጥ ሲነከር ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ገብቶ ያሰባብረዋል። ሲያጠብቁት ደህና ነው። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ቀጭ ይላል። ሎጅ በር ላይ ለሚቆም ትራክተር ችግር የለውም ትሉ ይሆናል። ተሳቢ ጎትቶ ዳገት ለሚወጣ ግን የሰው ነፍስ ነው።

የእውነተኛ አሮጌ ቡሎን ዝገት እኩል አይደለም። ቀዳዳ ውስጥ የነበረው ክፍሉ ንጹሕ ነው ወይም ጥቁር ነው፣ ውጭ የነበረው ጫፉ ተበልቷል። ጥጉ በቁልፍ ብዛት ዶልዱሟል። ከራሱ ስር የደረቀ ግራሶና የቀለም ፍርፋሪ ታገኛላችሁ። ዝገቱ ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል፣ እጅ ላይም ብዙ አይለቅም። የአሲዱ ግን ከላይ እስከ ታች፣ ጥርሱ ሥር ሳይቀር፣ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ነው። ዘይቱን ጠርጋችሁ በጣታችሁ ስታሹት ጣታችሁን ያቀላዋል። ደግሞ አስቡት፤ «መጋዘን ውስጥ የነበረ፣ ሰው ያልነካው» ከሆነ በግራሶና በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር መገኘት ያለበት። ያልተነካ እቃ ሁለመናው እኩል የዛገው ዝናብ መጋዘን ውስጥ ይዘንብ ነበር እንዴ?

ራሱንም አገላብጡ። በዚያ ዘመን የተሠራ የእንግሊዝ የኢንች ቡሎን ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ተያይዘው የተደረደሩ ትናንሽ ክቦች ወይም ክብ ጎድጓዳ ምልክት አለው። የአሜሪካው ከመሃል ወደ ዳር የሚሮጡ መስመሮች አሉት፤ ሦስት ከሆኑ ደረጃ 5፣ ስድስት ከሆኑ ደረጃ 8 ነው። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካያችሁ ሚሊሜትር ነው፣ ክርክር የለውም። ፊቱ ልሙጥ ሆኖ የሞረድ ጭረት ካለበት ደግሞ ጆንያውን ጠቅልላችሁ መልሱለት።

መለኪያ የለኝም አትበሉ። ከራሳችሁ ትራክተር ላይ የፈታችሁትን አንድ ደህና ቡሎን ሁልጊዜ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የእናንተንና የሻጩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አጋጥሟቸውና ወደ ብርሃን አንሷቸው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ብርሃን አያሳልፉም። ካልሆኑ ዳር ላይ ክፍተት ታያላችሁ። ሌላው ዘዴ ጥርሱን ነጭ ወረቀት ላይ ጫን አድርጎ ማተም ነው። ከዚያ በማስመሪያ 25.4 ሚሊሜትር ለክታችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ። ዳዶ ከሆነ የራሳችሁን ቡሎን በጣታችሁ ብቻ፣ ያለ ቁልፍ፣ እስከ መጨረሻው አስገቡበት። በጣት ያልሄደ አይገዛም። ሻጩ «አቧራ ይዞት ነው» ቢላችሁ አጽዱትና ድገሙት፣ ጊዜው የእናንተ ነው።

ለማረሻ የሚሆነው ቡሎን ላይ ያለው ማጭበርበር ቀለል ያለ ነው። የድሮው ማረሻ ቡሎን ራሱ ከብረቱ ጋር እኩል የሚተኛ፣ ከራሱ ሥር አንገቱ አራት ማዕዘን የሆነ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ አብሮ እንዳይዞር ይይዘዋል። አሁን የሚሸጡት ተራ ቡሎን ራሱን በብየዳ አሳብጠው፣ አንገቱን በሞረድ ጠርበው ነው። ብየዳው በቀለም ተሸፍኗል። በምስማር ጫር አድርጉት።

«ለሁሉም ትራክተር ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተሰናበቱት። ቤላሩስና ፊያት በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው። ለማሲም ለቤላሩስም የሚሆን የጎማ ቡሎን የለም።

እንግዲህ ከየት ይገኛል? ከሁሉ የሚሻለው ከፈረሰ ማሲ ላይ ራሳችሁ ቆማችሁ የምታስፈቱት ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ አሉ፤ ጊዜና ትዕግሥት ካላችሁ የኢንች እቃ ይገኛል፣ ግን የናሙና ቡሎናችሁን ይዛችሁ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ የእርሻ መሣሪያ መካኒክነት ተምረው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር የሠራ አሮጌ መካኒክ በአካባቢያችሁ ካለ አያ ብላችሁ፣ ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁት። ቡሎኑን በድምፁ ይለየዋል ብል ማጋነን ይመስላችኋል፣ ግን የማን ጋራዥ ውስጥ ምን እንደተጣለ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ማስቀረጽም ይቻላል። ለፓራፋንጎ (ለጭቃ መከላከያው)፣ ለኮፈን፣ ለመቀመጫ በጣም ጥሩ ነው፤ ራሱንም እንደ ድሮው ታስመስሉታላችሁ፣ ማንንም አይጎዳም። ለጎማና ለመሪ ግን ከማይታወቅ ብረት የተቀረጸ አልመክርም። እዚያ ላይ ማኅተሙ ያልተነካ አዲስ የኢንች ቡሎን ይግባ፣ መልኩ ቢያስጠላም። የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ቡሎንማ ያገለገለ ጭራሽ አይገዛም፣ ሻጩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። የድሮ ቡሎን አልፈታ ሲላችሁ በእሳት ለማጋል አትቸኩሉ። አንዳንዱ በካድሚየም የተለበጠ ነው፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት።

ደረሰኝን በተመለከተ ብዙ አልልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ እቃው አሳሳች መረጃ ሰጥቶ መሸጥን ይከለክላል። ግን በጆንያ ተቀብላችሁ፣ በእጅ ከፍላችሁ፣ ማንን ትከሳላችሁ? ቢያንስ ወረቀት ላይ «5/8 ኢንች፣ ቀጭን ጥርስ፣ ካልገባ ይመለሳል» ብሎ ይፈርም። ገንዘቡንም በባንክ ላኩለት። ሐቀኛ ሰው ይፈርማል፤ የእኛው ሻጭ ቢጠየቅ ኖሮ የሚፈርም አይመስለኝም።

አጎቴ አሁንም የጎደሉትን የኋላ ጎማ ቡሎኖች እየፈለጉ ነው። እውነተኛው እቃ ያላችሁ ካላችሁ ጥርሱን ወረቀት ላይ አትማችሁ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ ላኩልን። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።