ንድፍን ወደ ሸራ ለማስተላለፍ፦ ፎቶኮፒ ቤቶቹ፣ ነጭ ኮላና አክሪሊክ ጄል

የንድፉን ፎቶኮፒ በፊቱ ሸራ ላይ ለጥፎ፣ ሲደርቅ ወረቀቱን በውሃ ፈትጎ በማንሳት መስመሩን ብቻ ሸራው ላይ ማስቀረት ይቻላል። ብዙ ሰው ስለ ማጣበቂያው ይጨነቃል፤ ሥራውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮፒው ነው።

ባሕር ዳር ላይ በዩኒቨርሲቲው ፖሊና ፔዳ ግቢዎች ዙሪያ ያሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ የሚሠሩት በቶነር ነውና። ቶነር በሙቀት ወረቀት ላይ የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ውሃ አያሟሟውም። የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ቀለም ግን አብዛኛው ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መስመሩን በረጠበ ጣት እሹት፤ ጣታችሁ ከጠቆረ አትውሰዱት። የቤቶቹ ጉድለት ቶነር ለመቆጠብ ማሽኑን ማፍዘዛቸው ነው። የእርሳስ ንድፍ ከሆነማ ግማሹ ይጠፋል። «አጥቁረህ፣ ገልብጠህ አውጣልኝ» በሉ። ሳይገለበጥ ከወጣ፣ ለምሳሌ በንድፉ ላይ ወደ ግራ የምትቀዝፈው ታንኳ ሸራው ላይ ወደ ቀኝ ትዞራለች። እሱስ ይሁን፤ ፊደል ካለበት ግን አይነበብም። ወረቀቱ ተራው 80 ግራም ይሁን፤ ወፍራም ወረቀት ሲላጥ ያስቸግራል።

ነጭ የእንጨት ኮላ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ አለ፣ ዋጋውም አይከብድም። ችግሩ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኘው መልሶ መለስለሱ ነው፤ ወረቀቱን ስትፈትጉ መስመሩም አብሮ ይነሳል። ለልምምድ ይበቃል። ለሚሸጥ ሥራ ግን አክሪሊክ ጄል (ቀለም የሌለው ወፍራም የአክሪሊክ ቅብ) ከአዲስ አበባም ቢሆን ማስላክ ያዋጣል፤ አንዴ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሸራው ጀርባ ጣውላ ደግፉ፤ አለዚያ ስትፈትጉ ሸራው ይረግብና መስመሩ ይሰነጠቃል። ጄሉን ስስ አድርጋችሁ እኩል ቀቡ፤ ሳይደርቅ ኮፒውን በፊቱ ድፉት፤ ከመሐል ወደ ዳር በአሮጌ የባንክ ካርድ እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። አየር የቀረበት ቦታ ላይ ሥዕሉ ክብ ክብ ሆኖ ይጎድላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ጀርባውን በስፖንጅ አርጥባችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በጣት እያዞራችሁ ፈትጉ። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ከታየ የወረቀት ቃጫ ቀርቷል ማለት ነው፤ እንደገና አርጥባችሁ ድገሙት። በመጨረሻ የሚደረብ አንድ ስስ የጄል ቅብ የተረፈውን ቃጫ ብርሃን አሳላፊ ስለሚያደርገው ጭጋጉ አይታይም።

የወረቀቱ ነጭ አብሮ አይተላለፍም፤ በመስመሮቹ መካከል የሚታየው የሸራው መደብ (ከሥር የተቀባው ቀለም) ነው። ስለዚህ ቢጫ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መደብ ቀድማችሁ ቀቡ፤ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ግን መስመሩን ይውጠዋል። (ሥዕል መለጠፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ በዘጌ ገዳማት ከሚታዩት ሥዕሎች ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው።) ከተላለፈው ንድፍ በላይ የሚደረበው አክሪሊክ ቀለም በውሃ የሳሳ ይሁን። ዘይት ቀለምም በላዩ ይሄዳል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይያዝም፣ ይላጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ 24 ሰዓት አይበቃም። የወረቀቱ ጀርባ ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም፤ አሳድሩት።